ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

ደባልቄ ጥሩምባውን የነፋ ዕለት ከሞቱት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ቀልድ የመሰለው ካለ ይምሰለው። ገና ፀሐይዋ ብቅ ሳትል ጎረቤቴ ብኸይታ በሬን እየደበደበች ታለቅስ ነበር። ከፍቼ ብቅ ስል ክንዴን ጨብጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ዘቢደር፣ አንተ አልሞተም?» አለችኝ። ብኸይታ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ መንገዱ የሚታጠፍበት ማጠፊያው ላይ ቀዩን የከርከዴ ሻይ ትሸጣለች፤ አማርኛን ከገበያ ስለለቀመችው ወንዱንም ሴቱንም አንድ አድርጋ ነው የምትጠራው።

«ኧረ አልሞትኩም» አልኳት።

«ወላሂ ሞተ ብለዋል» አለችና ትንሽ ቅር ያላት መሰለ። እንባዋን በከንቱ ማፍሰሷ ሳይሆን አይቀርም። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር እኮ! ነጠላዬን ለብሼ ተከትያት ወጣሁ፤ እኔ ካልሞትኩ ማን እንደሞተ ማወቅ ነበረብኝ።

ግን ከደባልቄ ልጀምር። ደባልቄ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እናቱ አዝላው ነበር ይላሉ የሚያውቁት፤ እሱ ግን በእግሬ ነው የመጣሁት ብሎ ይከራከራል። ያደገው ስም በሌላት፣ በቁጥር ብቻ በምትጠራ አምባ ነው። ኋላ አሶሳ ከተማ ገባና የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ። አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ ዝምታው ሰልችቷት ወደ ወንድሞቿ ሄደች፤ ስትሄድም እንኳ «ወዴት ነሽ?» አላላትም ተብሎ ይታማል። እውነት ለመናገር አብሮት የተቀመጠ ሰው ይደክመዋል። አንድ ነገር ጠይቀኸው እስኪመልስልህ ሰልፉ ሁሉ አስፈጭቶ ይሄዳል።

ጥሩምባውን ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ይነፋል፤ ከዚያ ጥሩምባውን ዝቅ አድርጎ በዚያ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ድምፅ «የእድራችን አባል የሆኑት…» ብሎ የሟቹን ስም፣ የቤቱን አቅጣጫ፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። እድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ስለሆነ ከብኸይታ ባል በተማራት በርታኛ ደግሞ ይደግመዋል። የበርታ ልጆች በአነጋገሩ ይስቃሉ፤ ወላጆቻቸው ግን ይወጣሉ። ያን ጥሩምባ ከሰማ በኋላ ቤቱ የቀረ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ቢኖርም ሰው ፊት ለመቆም የሚደፍር አይመስለኝም። ደባልቄ በዓለም ላይ ያለው ነገር ጥሩምባው ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። በጥሩምባው ቀን ሰው ያየዋል፤ በሌላው ቀን ከወፍጮ ቤቱ በር ጋር አንድ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ መንገዱ። አስፓልት ይግባልን ብለን የጮህነው እኛው ነን፤ ይህን ማንም እንዲደብቀው አልፈልግም። ሰፈራችን ከገበያው ወደ ሆሞሻ በሚወስደው በኩል፣ መንገዱ ድንገት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ድሮ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለነበር ባጃጁ እያነከሰ ነበር የሚያልፈው። አቧራው የልብስ ስፌት መኪናዬን እየደፈነ አላሠራ ስላለኝ አቤት ካሉት ሰዎች ፊት ፊት እኔ ነበርኩ። አስፓልቱ መጣ። እልል አልን፣ ጨፈርን። ከዚያ ባጃጆቹ መብረር ጀመሩ። በጉድጓዱ ዘመን ማጠፊያው ላይ አንድም ሰው አልሞተብንም ነበር። ታዲያ ምን ልንል ነው? አስፓልታችሁን ውሰዱና ጉድጓዳችንን መልሱልን? እስከ ዛሬ ሳስበው ይዞርብኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሸዋነሽ ልጅ እፀገነት ተገጭታ ሞተች። ሸዋነሽ ከአጥሬ ማዶ ያለችው ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችረዋ ናት። ውኃ የምንቀዳበት ቦኖ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ነው፤ ልጅቷ እናቷን ተከትላ ትንሿን ጀሪካኗን ይዛ ስትሻገር ነው። ባጃጁ ከማጠፊያው ሲወጣ አልታየም፤ እሷም ለነጂው አልታየችውም። ልጅቷ ትምህርት ቤት እንኳ አልገባችም ነበር።

ደባልቄ ሰምቶ ጥሩምባውን ይዞ እየሮጠ መጣ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ምንውየለት መንገድ ላይ ጠብቀው መለሱት። በእድራችን ሕግ ትምህርት ቤት ላልደረሰ ሕፃን ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳንም አይጣልም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰፋሪዎቹ ገና አምባ ሳሉ ነው፤ ወባው ሕፃናቱን በላይ በላዩ የሚወስድበት ጊዜ ነበር አሉ፤ ለሁሉም ቢነፋ የሚያርስ ሰው አይገኝም ነበር። ጋሽ ምንውየለት ራሳቸው በዚያ ዘመን ልጅ ያለ ጥሩምባ ቀብረዋል። ሕጉን የሚጠብቁት በጭካኔ አይደለም፤ ለሌላው ከተነፋ ለእኔ ልጅ ለምን ቀረ ብለው ማሰብ ስላለባቸው ይመስለኛል። ደባልቄ ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ተመለሰ። ሸዋነሽ ሲመለስ አይታዋለች።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴ አቋቋምን። ኮሚቴ ማቋቋም ላይ ማንም አይቀድመንም። ማጠፊያው ላይ ባጃጁን የሚያቀዘቅዝ ጉብታ፣ አንድ የመንገድ መብራት፣ ቢቻል ደግሞ ቦኖው ወደ እኛ ወገን እንዲሻገር ነበር ጥያቄያችን። አንዱ ቢሮ መንገዱ የሌላው ነው አለን። ሌላው፣ መንገዱ የእኔ ነው ጉብታው ግን የእኔ አይደለም አለ። ጉብታ ያለ መንገድ የት ሊቀመጥ እንደሚችል ብጠይቀው ሰውየው ትንሽ አሰበና ሌላ ቢሮ ጠቆመን። በመጨረሻ አቶ ሁንዴሳ የሚባሉ የባምባሲ ተወላጅ ኃላፊ ጋ ደረስን። ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡን፣ ሰሙን፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥያቄው ተገቢ ነው» አሉ። «ነገር ግን የሕዝብ ጥያቄ መሆኑን በምን ልወቅ? እናንተ ጥቂት ናችሁ። ሕዝቡን ሰብስቡና እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን ሰፈሩን እየዞርን «ስብሰባ አለ» ብለን ለፈፍን። በሰፈራችን ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ከፈለግህ ስብሰባ አለ ብለህ አትጥራው። አንዱ እርሻ ወረደ፣ አንዱ ዘመድ ጥየቃ ባምባሲ ሄደ፣ ቤቱ የቀረውም በሩን ዘጋ። አቶ ሁንዴሳ ሲመጡ ኮሚቴው ብቻ ከአንድ ፍየል ጋር ቆመን ጠበቅናቸው። ፍየሉ የማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

«ሕዝቡ የት አለ?» አሉን። ከዚያ በትሕትና «ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ እመለሳለሁ፤ ያኔም ሰው ከሌለ ጥያቄው እንደሌለ ቆጥሬ እዘጋዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ሸዋነሽ ሩቅ ቆማ ይህን ሰማች። ጀሪካኗን አንስታ መንገዱን ተሻገረች፤ እስክትሻገር ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን አየናት።

ከኮሚቴው አንዱ ደባልቄን «ይህ ሰፈር የሚወጣው ላንተ ብቻ ነው፤ እስቲ ለቅዳሜ ጥራልን» አለው። ማን እንዳለው ዛሬ ቢጠየቅ ሁሉም ሌላውን ይጠቁማል። በየቤቱ እየዞርክ ንገር ለማለት እንደሆነ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ለደባልቄ ግን መጥራት ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ራሱን ነቀነቀና ሄደ፤ እኛም ተስማምቷል ብለን ተበተንን።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነፋ።

በኋላ ሲነግረኝ፣ «ስብሰባ ልል ነበር» አለኝ። «ስብሰባ ልል ነበር አንች ዘቢደር። ጥሩምባውን ዝቅ ሳደርገው ግን አፌ በለመደው ሄደ።» «ስሙ፣ ስሙ» ብሎ ጀመረ፤ «ማጠፊያው ላይ ትወጡ ዘንድ» አለ፤ ስሙ ላይ ሲደርስ የሚጠራው ስም የለም። ዝም አለ። ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሰው ደግሞ ዝምታውን ሲሰማ ነገሩ ከበደው። ደባልቄ ሊጠራው ያቃተው ማን ቢሞት ነው? ከየቤቱ ጩኸት ተነሣ። በርታኛውን እንኳ አልደገመም፤ ማንም ግን ይደገምልን አላለም።

ማጠፊያው ዘንድ ስደርስ የማላውቀው ሕዝብ ነበር ብል ይቀለኛል፤ የሁሉንም ፊት አውቃለሁ፣ እንዲህ በአንድነት ግን አይቼው አላውቅም። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን ከመጋዘን አውጥተው መንገዱ ዳር ሲተክሉ ደረስኩ። ቀባሪዎቹ አካፋና ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። «ማን ነው?» ይላል የመጣው ሁሉ። አንዷ የዳኛው ሚስት ናት አለች፤ የዳኛው ሚስት ከጎኗ ቆማ ነበር። አንዱ ደባልቄ ራሱ ነው አለ፤ ታዲያ ማን ነፋው ሲባል ሰው መሃል ገባ። ሰው መልስ ባያገኝም አይሄድም፤ ለቅሶ ቤት መጥቶ ማን ሞተ ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነውና እየገባ ይቀመጣል። ባጃጆቹ በሕዝቡ ብዛት ቆሙ። ነጂዎቹ ወርደው ኮፍያቸውን አውልቀው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ ተሳፋሪዎቹም አብረው ገቡ። ሊገበያዩ የወጡ ሰዎች ዕቃቸውን ታቅፈው ለማያውቁት ሰው አብረውን ተከዙ።

ዕለቱ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። ሬሳ የለም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባ ላይ መሆኑን ግን የሚያውቅ የለም።

ይባስ ብሎ አቶ ሁንዴሳ መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ቀስ ብለው ገብተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሟች ማን ናቸው?» አሉኝ። ቀልደኛ ነኝ ባይ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ኀዘን መስሏቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ጋሽ ምንውየለት ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ደባልቄን ከድንኳኑ ደጃፍ ፊታቸው አቆሙት።

«የማን ቀብር ነው?»

ደባልቄ መሬት መሬት ያያል።

«ጥሩምባ ነፍተሃል። ይህን ሁሉ ሰው አስለቅሰሃል። የማን ቀብር ነው፣ ስም ጥራ።»

«ስሙ…» አለ ደባልቄ፣ ከዚያ አለፍ ማለት አልቻለም። እውነቱን ልናገር ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ አቶ ሁንዴሳ አጠገቤ መሆናቸውን ሳስብ መልሼ ቁጭ አልኩ። ስብሰባ ነው ብዬ ብናገር ሕዝቡ ተቆጥቶ ይበተናል፤ ጥያቄያችንም ይዘጋል። ዝም ብል ደባልቄ ያልቅለታል። ሁለቱንም እያሰብኩ እንደ ደንቆሮ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው ጥሩምባውን አምጣ» አሉ ጋሽ ምንውየለት። «በሞት የሚቀልድ ሰው እጅ አይቆይም።»

ደባልቄ አልተከራከረም። ጥሩምባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። ያን ሰውዬ አልቅሶ አይቼው አላውቅም ነበር። ሲያለቅስም ድምፅ የለውም።

ያኔ ሸዋነሽ መጣች። ዘግይታ ነው የመጣችው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ። ማንንም ሳታይ ሕዝቡን ሰንጥቃ ገባችና ከፊት የሐዘንተኛው ምንጣፍ ላይ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ባዶውን የተነጠፈው ላይ ተቀመጠች።

«ለልጄ ነው» አለች። «ዘግይቶ ነው እንጂ ለልጄ ነው የተነፋው።»

ደባልቄ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ደስታም ኀዘንም አልነበረም፤ ጨርሶ የማይገባው ነገር ያጋጠመው ሰው ፊት ነበር። እኔም አልገባኝም። ዋሽታ ልታድነው ነው? ወይስ ጥሩምባውን ስትሰማ እውነት ለልጇ መስሏት ነው? ብኸይታ ግን መምረጥ አላስፈለጋትም። ሄዳ አጠገቧ ዘፍ አለችና እቅፍ አደረገቻት።

«አልቅስ» አለቻት። «አንተ ያን ጊዜ አላለቀስክም፤ አሁን አልቅስ።»

ሸዋነሽ አለቀሰች። እንዲያ ስታለቅስ ድንኳኑ ውስጥ ሳያለቅስ የቀረ ሰው አልነበረም፤ አላፊ ተሳፋሪው ሳይቀር፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። ከጠዋት ጀምሮ ባለቤት ያጣው ኀዘን ባለቤቱን አገኘ። ጋሽ ምንውየለት ጥሩምባውን እንደያዙ ቆሙ። ሕጉን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አይቻለሁ። መልሰው ዘጉት። እጃቸው ላይ ያለውን ጥሩምባ አዩት፤ ምናልባት የራሳቸውን ልጅ አስታውሰው ይሆናል፣ አላውቅም፤ ቁጭ አሉ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቀባሪዎቹ ግን አካፋና ዶማቸውን ይዘው አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ አጎንብሶ መጣና «ጋሼ፣ የት እንቆፍር?» አለ። ጋሽ ምንውየለት ወደ ሸዋነሽ አዩ። ልጅቷ ከተቀበረች ቆይታለች፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። መሣሪያ ወጥቶ፣ ሐዘንተኛ ተቀምጣ ደግሞ ባዶ እጅ መመለስ በእኛ ዘንድ ሆኖ አያውቅም።

ሸዋነሽ እጇን ወደ መንገዱ ዘረጋች። «እዚያ» አለች። «የወደቀችበትን አፈር አልብሱልኝ። በየቀኑ እየረገጡት ያልፋሉ።»

ማንም ማንንም አልጠየቀም። መንገዱ ዳር ቦይ ሲቆፈር ተጥሎ የቀረ የቀይ አፈርና የድንጋይ ክምር ነበር። ወንዶቹ ከዚያ እያነሱ አስፓልቱ ላይ አፈሰሱ። ቦታው በትክክል የቱ ጋ እንደሆነ አንዱ ወዲህ ነው ሲል ሌላው ወዲያ ነው ሲል፣ ሸዋነሽም በእንባዋ ምክንያት መለየት ሲያቅታት፣ ሁሉንም እንሸፍነው ተባለና ከዳር እስከ ዳር አለበሱት። ድንጋዩ ከታች፣ አፈሩ ከላይ፤ በእግር ጠቀጠቁት። ቀብር ላይ እንደሚደረገው አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም አንዳንድ አካፋ ይጨምራል። ባጃጅ ነጂዎቹም ጨመሩ። አካፋው አቶ ሁንዴሳ ጋ ደረሰ። ተቀበሉት፣ አፈር ዝቀው ጨመሩ፣ ለሚቀጥለው ሰጡ። ከዚያ ቀና ብለው መንገዱን በሙሉ ሲያዩት ቆም አሉ።

«ይህ እኮ…» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህ ጉብታ ነው።»

«አዎ» አልኳቸው።

«እኔም አፈር ጨመርኩበት?»

«ጨመሩበት።»

እጃቸው ላይ የቀረውን ቀይ አፈር ያዩታል፣ ሕዝቡን ያያሉ፣ ተመልሰው አፈሩን ያያሉ። ሕዝብ ሰብስቡ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ሕዝቡ ይኸው። አፍርሱት ሊሉ ያለቀሰች እናት ፊታቸው ተቀምጣለች። እጃቸውን አላራገፉም፤ አፈሩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ሰው ሊበተን ሲል ጋሽ ምንውየለት ተነሡ። ደባልቄን ጠሩት። ጥሩምባውን መለሱለት።

«ጥሪህን አልጨረስክም» አሉት። «ስም ያልተጠራበት ጥሪ ጥሪ አይደለም። ጨርሰው።»

ደባልቄ ተቀበለ። ነፋ። ዝቅ አደረገው፣ «የእድራችን አባል የሆኑት…» ብሎ ጀመረና ቆመ። አባል አይደለችም። ወይዘሮ አይላት፣ ወይዘሪት አይላት። ዕድሜውን ሙሉ ለአዋቂ ሲጣራ ኖሮ ለሕፃን የሚሆን ቃል አልነበረውም። ወደ ሸዋነሽ ጎንበስ አለና እንደ ልጅ አፍሮ ጠየቃት።

«ቤት ውስጥ ማን ትሏት ነበር?»

«እፁዬ» አለችው።

ቀና አለ። «የሰፈራችን ልጅ» አለ፣ «የሸዋነሽ ልጅ፣ እፀገነት፣ እፁዬ፣ ዐርፋለች።» ከዚያ በዚያች በተሰባበረች በርታኛው ደገመው። የሳቀ ልጅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ከሆሞሻ በኩል የመጣ አንድ ባጃጅ ከማጠፊያው ብቅ ሲል ጉብታውን አይቶ ፍሬን ያዘ፤ እያነከሰ ወጣው፣ እያነከሰ ወረደው፣ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ነጂው የደባልቄን ጥሪ ሰምቶ ኖሮ ኮፍያውን አውልቆ «መቼ ነው የሞተችው?» አለኝ።

ክረምት ላይ ልለው ነበር። «ዛሬ» አልኩት። መዋሸቴ ይሁን እውነት መናገሬ እኔም አላወቅሁም፤ እሱ ግን አንገቱን ደፋ አድርጎ ቀስ ብሎ ሄደ።